አምስት ድምፅና አንድ ፒያኖ፦ የኮሜዲያን ሃርሞኒስትስ ሸክላዎች እንደ ታሪክ ምስክር

(በታሪክ ትምህርት ክፍል አዘጋጅነት ለሕዝብ ክፍት ሆኖ የቀረበ ንግግር። በንግግሩ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



እኛ የታሪክ ሰዎች ምንጭ ስንል ወዲያው ወደ አእምሯችን የሚመጣው ደብዳቤ፣ ዐዋጅ፣ ዜና መዋዕል፣ የፍርድ ቤት መዝገብ ነው። ዛሬ በፊታችሁ የማቀርበው ምንጭ ግን ሦስት ደቂቃ ያህል ጮኾ የሚያልቅ፣ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚሽከረከር፣ ከእጅ ቢያመልጥ የሚሰበር የዘፈን ሸክላ ነው። ዘፈኖቹም ቢሆኑ ስለ ፀደይ፣ ስለ ወዳጅነት፣ በሰገነት ላይ ስለበቀለች ትንሽ ቁልቋል የሚያወሩ ቀላል የመዝናኛ ዘፈኖች ናቸው። እንዲህ ያለ ነገር ለታሪክ ጥናት ምን ይረባል የሚል ጥያቄ ቢነሣ ተገቢ ነው፤ እኔም ለብዙ ጊዜ ይህንኑ ጥያቄ ስጠይቅ ኖሬያለሁ።

መልሱን ያገኘሁት በክፍል ውስጥ ነው። አንድ ቀን ለተማሪዎቼ ስምና ዘመን ሳልናገር በ1930 በርሊን ላይ የተቀረጸውን «ቬሮኒካ፣ ፀደይ መጣ» የተሰኘውን ዘፈን አሰማኋቸው። ስንት ሰው እንደሚዘፍን ጠየቅኋቸው። አንዱ ሦስት አለ፤ ሌላዋ ስምንት አለች። አምስት ድምፃውያንና አንድ ፒያኖ ተጫዋች መሆናቸውን ከነገርኋቸው በኋላ ሁለተኛ ጥያቄ አቀረብሁ፦ «ከእነዚህ ስድስት ሰዎች ሦስቱ ከአምስት ዓመት በኋላ በዘራቸው ምክንያት ከሙያቸው ታገዱ። ከምትሰሟቸው ድምፆች የታገዱት የትኞቹ ናቸው?» ክፍሉ ጸጥ አለ። ከኋላ የተቀመጠ ተማሪ «እባክዎ እንደገና ያሰሙን» አለ። እንደገና አሰማኋቸው። የመለሰ አልነበረም። የዛሬው ንግግሬ የዚያ ዝምታ ማብራሪያ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው በ1927 መጨረሻ ነው። ሃሪ ፍሮመርማን የተባለ የ21 ዓመት ሥራ አጥ ተዋናይ፣ በርሊን ፍሪደናው በተባለው ሰፈር ከጣሪያ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ይኖር ነበር። ይህ ወጣት ዘ ሬቨለርስ የተባሉ አሜሪካውያን ድምፃውያን ያስቀረጿቸውን ሸክላዎች እየደጋገመ ያዳምጥ ነበር። አራት አምስት ሰዎች ድምፃቸውን እንደ ሐር ክር እየጎነጎኑ የጃዝ ምት ባለው ዜማ ሲጫወቱ ሰምቶ፣ «ይህ በጀርመንኛ ለምን አይሆንም?» ብሎ አሰበ። ከዚያም በዲሴምበር ወር ከ25 ዓመት ያልበለጡ ድምፃውያን እንደሚፈልግ በጋዜጣ አስታወቀ። በዚያን ጊዜ የሥራ እጦት በከተማዪቱ የበረታ ስለነበር ማስታወቂያውን አይተው ወደዚያች ጠባብ ክፍል የመጡት ሰዎች ብዙ ነበሩ።

ከመጡት መካከል ፍሮመርማንን ያረካው ሮበርት ቢበርቲ የተባለው የባስ ድምፅ ባለቤት ነበር። ቢበርቲ ደግሞ በመዘምራን ቡድን አብረውት ይሠሩ የነበሩ ሰዎችን አስከትሎ መጣ። አንዱ አሪ ሌሽኒኮፍ ነው፤ ቡልጋሪያዊ ሲሆን በአገሩ በውትድርና የሠለጠነና እጅግ ከፍ ብሎ የሚንሳፈፍ ቴነር ድምፅ ያለው ነበር። ሌላው በፖላንድ ሉጅ ከተማ አጠገብ የተወለደው ባሪቶኑ ሮማን ሲኮቭስኪ ነው። ቆይቶም ሁለተኛው ቴነር ኤሪክ ኮሊን ተጨመረ። ፒያኖውን የያዘው ገና የሙዚቃ ተማሪ የነበረው ኤርቪን ቦትስ ነው። ፍሮመርማን ራሱ ቅንብሩን ይጽፋል፤ ይዘፍናልም፤ ከሁሉም በላይ ግን በአፉ የመለከትንና የሌሎችን የሙዚቃ መሣሪያዎች ድምፅ በማስመሰል የተካነ ነበር።

ለወራት ያለ ክፍያ ተለማመዱ። መጀመሪያ የተፈተኑበት ስካላ የተባለው የበርሊን መዝናኛ ቤት አልተቀበላቸውም። በመጨረሻ ኤሪክ ቻረል የተባለው ታዋቂ የመድረክ አዘጋጅ ሰማቸውና ወደደላቸው፤ ኮሜዲያን ሃርሞኒስትስ የሚለውን ስምም ያወጣላቸው እርሱ ነው። ሴፕቴምበር 28 ቀን 1928 በርሊን በሚገኘው ታላቁ ትያትር ቤት፣ «ካዛኖቫ» በተሰኘው ትርኢት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሕዝብ ፊት ቆሙ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ጥቂት ዓመታት ስማቸው በጀርመን ብቻ ሳይወሰን በመላው አውሮፓ ተሰማ። በ1930 «ሦስቱ የነዳጅ ማደያ ሰዎች» በተባለው ፊልም ላይ ታዩ፤ በ1932 ደግሞ የበርሊን ፊልሃርሞኒ አዳራሽ፣ ለክላሲካል ሙዚቃ የተሠራው ያ መድረክ፣ ለእነዚህ የቀላል ዘፈን ሰዎች በሩን ከፈተ።

አሁን ወደ ሸክላው ልመለስ። የሸክላን ምስክርነት ለመመዘን ሸክላ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። የእኛው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዓመታት ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ሲያስቀርጹ፣ ማይክሮፎን የሚባል ነገር በቀረጻ ቤት አልነበረም። ዘፋኙ አፉን ወደ ትልቅ ቀንድ አስጠግቶ በኃይል ይዘፍናል፤ የድምፁ ግፊት ራሱ መርፌውን እያንቀሳቀሰ በሰም ላይ መስመር ይቀርጻል። ለስለስ ያለ ድምፅ በዚያ መንገድ አይያዝም ነበር። ከ1925 ጀምሮ ግን ማይክሮፎንና ኤሌክትሪክ ወደ ቀረጻ ቤት ገቡ። ከዚያ ወዲህ በጆሮ እንደሚያንሾካሽክ ሰው ቀስ ብሎ መዝፈን ተቻለ። ኮሜዲያን ሃርሞኒስትስ የዚህ ለውጥ ልጆች ናቸው። አምስቱ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ማንም ከማንም ሳይበልጥ፣ እንደ አንድ ትንፋሽ የሚሰሙት ማይክሮፎኑ ለስላሳውን ነገር መያዝ ስለቻለ ነው።

ነገር ግን አንድ ያልተለወጠ ነገር ነበር። የመቅረጫ ክር ወደ ቀረጻ ቤቶች ከመግባቱ በፊት ድምፅን ቆርጦ መቀጠል፣ የአንዱን ድምፅ ዛሬ የሌላውን ነገ ቀርጾ ማደራረብ የተለመደ ሥራ አልነበረም። ዘፈኑ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ጊዜ ይዘፈናል፤ አንዱ ቢሳሳት ሁሉም እንደገና ይጀምራሉ። የአንዱ ድምፅ ከበዛ ከማይክሮፎኑ አንድ እርምጃ ይርቃል፤ ካነሰ ይጠጋል። እንግዲህ እያንዳንዱ ሸክላ እነዚህ ስድስት ሰዎች በአንድ ቀን፣ በአንድ ክፍል፣ ትከሻ ለትከሻ ቆመው እርስ በርሳቸው እየተደማመጡ ያሳለፉትን ሦስት ደቂቃ የያዘ ሰነድ ነው። ፎቶግራፍ ሰዎች አብረው መቆማቸውን ያሳያል። ሸክላው ግን ሲደማመጡ ያስሰማናል።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ጆሮ ትንሽ እንድናገር ይፈቀድልኝ። እኔ ያደግሁት በማኅሌት ዜማ ሥር ነው። በዚያ ዜማ መቶ ሰው ቢቆምም ዜማው አንድ ነው፤ ማሲንቆ ይዞ የሚያዜም አዝማሪም መሣሪያው ድምፁን ተከትሎት ይሄዳል። በርግጥ ይህ የአገራችን መልክ ሁሉ አይደለም፤ በጋሞ ደጋ የሚኖረው የዶርዜ ሕዝብ ብዙ ድምፆች በየራሳቸው መንገድ እየሄዱ የሚገናኙበት እጅግ የረቀቀ የኅብረ ድምፅ ባህል አለው። እኔ ግን ያንን ሳልሰማ ስላደግሁ፣ የኮሜዲያን ሃርሞኒስትስን ሸክላ መጀመሪያ የሰማሁት ብዙ ጉሮሮ እንዳለው እንደ አንድ ሰው ነበር። በኋላ አንድ መምህሬ፣ «ላይኛውን ተወው፤ ባሱን ብቻ ተከተል» አሉኝ። ቢበርቲን ብቻ እየተከተልሁ ስሰማ ዘፈኑ ሌላ ዘፈን ሆነ። ከዚያ ባሪቶኑን፣ ከዚያ መካከለኛውን ቴነር እየተከተልሁ ደጋግሜ ሰማሁ። መካከለኛው ድምፅ ለብቻው ሲሰሙት ዜማ የሌለው፣ በሁለት ሦስት ኖታ ላይ የሚመላለስ ነገር ይመስላል። እርሱ ሲጎድል ግን ላይኛውና ታችኛው ተለያይተው በየፊናቸው ይቀራሉ። ተማሪዎች፣ ይህን ቀላል የአደማመጥ ዘዴ እናንተም እንድትሞክሩት አደራ እላለሁ፤ ከዚህ በኋላ የምናገረው ሁሉ በእርሱ ላይ የተመሠረተ ነውና።

ዘዴውን ለመሞከር የሚመቸው በ1933 የተቀረጸው «ክሪዮል ላቭ ኮል» ነው። ይህ የዱክ ኤሊንግተን ሥራ ነው። ኤሊንግተን በ1927 ሲያስቀርጸው አደለይድ ሆል የተባለችው ድምፃዊት ያለ ቃል፣ ድምፅዋን እንደ ሙዚቃ መሣሪያ አድርጋ አዚማበታለች። ኮሜዲያን ሃርሞኒስትስ ደግሞ የኤሊንግተንን ባንድ በሙሉ በሰው ጉሮሮ አስመስለው ተጫወቱት፤ የታፈነው መለከት፣ የሚያለቅሰው ክላሪኔት፣ ሁሉም ከአፍ የሚወጣ ነው። ዘመኑን ልብ በሉ። ሂትለር መራኄ መንግሥት የሆነው ጃንዋሪ 30 ቀን 1933 ነው። የጥቁር አሜሪካዊ አቀናባሪ ሥራ፣ ከአይሁድ ወገን የተወለዱ ጀርመናዊና ፖላንዳዊ፣ አንድ ቡልጋሪያዊና ሌሎች ጀርመናውያን በጋራ ሆነው በዚያው ዓመት በርሊን ላይ አስቀረጹት። ይህን ለተቃውሞ ብለው እንዳደረጉት የሚያሳይ ነገር ስለሌለ እንደዚያ አልልም። ዘፈኑ ደስ ስላላቸው፣ ለችሎታቸውም ስለሚመች ዘፈኑት። ለእኔ ትርጉም ያለው ይህ ራሱ ነው፤ አዲሱ መንግሥት ሊያጠፋው የተነሣው ዓለም ለእነርሱ የዕለት ሥራቸው ነበርና።

በሴፕቴምበር 1933 የራይኽ ባህል ምክር ቤት በሕግ ተቋቋመ። በሥሩ የተደራጀው የሙዚቃ ምክር ቤት አባል ያልሆነ ሰው በሙያው ሊሠራ አይችልም ነበር። ከስድስቱ ሦስቱ፣ ማለትም ፍሮመርማን፣ ሲኮቭስኪና ኮሊን፣ በአዲሱ ሥርዓት ዓይን «አርያን ያልሆኑ» ነበሩ። ኮሊን በፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን የተጠመቀ ሰው ነበር፤ ሕጉ ግን የሚቆጥረው ዘርን እንጂ እምነትን አልነበረም። በማርች 1934 በጀርመን የመጨረሻ የሕዝብ ዝግጅቶቻቸውን አቀረቡ፤ አዳራሾቹም ሞልተው ነበር። በዚያው ዓመት ወደ አሜሪካ ሄደው ኒውዮርክ ላይ ሳራቶጋ በተባለችው አውሮፕላን ተሸካሚ የጦር መርከብ ለባሕር ኃይሉ ሰዎች ዘፈኑ። እዚያው መቅረት ይችሉ ነበር፤ ነገር ግን ተመለሱ። «ቁልቋሏ»ም የተቀረጸችው በዚያው በ1934 ነው። ያንን ዘፈን የሰማ ሰው በዘፋኞቹ ላይ ያንዣበበውን ነገር ፈጽሞ አይጠረጥርም።

በፌብሩዋሪ 1935 የሙዚቃ ምክር ቤቱ ውሳኔውን በደብዳቤ አስታወቀ። ሦስቱ በአባልነት አልተቀበሏቸውም፤ የቀሩት ሦስቱ ተቀባይነት አገኙ፤ ነገር ግን «አርያን ካልሆኑ» ሰዎች ጋር መሥራት ተከለከሉ። በዚህ ደብዳቤ ቡድኑ ፈረሰ። ስለ ሦስተኛው ራይኽ ብዙ አሰቃቂ ሰነዶችን ላነበበ ተመራማሪ ይህ ወረቀት ቀላል ሊመስለው ይችላል፤ በውስጡ የሞት ፍርድም እስራትም የለም። ነገር ግን ጥፋቱ ሲጀምር ምን መልክ እንደነበረው የሚያሳየው እንዲህ ያለው ወረቀት ነው፤ በቢሮ ቋንቋ ተጽፎ፣ ማኅተም ተደርጎበት፣ በፖስታ ይመጣል።

ከዚህ በኋላ ለታሪክ ተመራማሪ ብርቅ የሆነ ሁኔታ ተፈጠረ። ከሦስቱ ስደተኞች ጋር በቪየና ሌሎች ሦስት ሰዎች ተጨምረው ኮሜዲ ሃርሞኒስትስ የሚል ስም ያዙ። በርሊን የቀሩት ሦስቱም አዳዲስ ሰዎች ጨምረው ቀጠሉ፤ የእንግሊዝኛ ለዛ ያለው የቀድሞ ስም ስላልተፈቀደላቸው «ማይስተርሴክስቴት»፣ ማለትም የሊቃውንት ስድስቶሽ፣ ተባሉ። ሁለቱም ቡድኖች ሸክላ አስቀረጹ። ስለዚህ አንድ ሕግ በአንድ የኪነ ጥበብ ሥራ ላይ ያደረሰውን ጉዳት፣ በፊትና በኋላ እያነጻጸርን በጆሯችን መመዘን እንችላለን።

ስንመዝን ምን እንሰማለን? የቪየናው ቡድን የፍሮመርማን ቅንብርና ጨዋታ አለው፤ ብልሃቱ ሁሉ በቦታው ነው። ነገር ግን ላዩ ላይ የሌሽኒኮፍ ብርሃን፣ ታቹ ላይ የቢበርቲ መሠረት የለም። የበርሊኑ ቡድን ደግሞ ሁለቱን ጫፎች፣ ላይኛውንም ታችኛውንም ይዟል፤ መሐሉ ግን ሌላ ሆኗል። የአይሁድ ደራስያን ዘፈኖች ስለተከለከሉ የሚዘፍኑት እንኳ ጠብቦ ነበር፤ የ«ቬሮኒካ» ግጥም ደራሲ ፍሪትስ ሮተርና የዜማው ደራሲ ቫልተር ዩርማን ራሳቸው ከአይሁድ ወገን ነበሩ። በሁለቱም ቡድኖች የተተኩት ሰዎች ጥሩ ድምፃውያን ናቸው፤ ጉድለቱን በእነርሱ ላይ ማላከክ በደል ይሆናል። የጠፋው ሰባት ዓመት አብሮ በመተንፈስ የተገኘ ነገር ነው፤ እርሱም በቅጥር አይተካም። ሁለቱም ቡድኖች እስከ 1941 ድረስ ተበተኑ።

የሰዎቹንም መጨረሻ እናውቃለን። ሲኮቭስኪ አባቱ ፖላንድ ውስጥ በናዚዎች መገደሉን ከሰማ በኋላ የመድረክ ዘፈን ትቶ በአሜሪካ ሳን ፍራንሲስኮ በምኩራብ የጸሎት ዜማ መሪ ሆነ፤ ከስድስቱ በመጨረሻ ያረፈውም እርሱ ነው፣ በ1998፣ በ97 ዓመቱ። ኮሊን በ1961 በአሜሪካ አረፈ። ፍሮመርማን ከረጅም ስደት በኋላ ወደ ጀርመን ተመልሶ በ1975 በብሬመን ሞተ። ሌሽኒኮፍ ወደ ሶፊያ ተመልሶ በድህነት ኖሮ በ1978 አረፈ። ቦትስ በ1982፣ ቢበርቲ በ1985 ተከተሉ። ስድስቱ ከ1935 በኋላ አንድ ላይ ዳግመኛ አልዘፈኑም።

ኤበርሃርድ ፌሽነር የተባለው የፊልም ሰው በሕይወት የነበሩትን አራቱን በየአገራቸው ሄዶ አነጋገራቸው። ከዚያም ንግግራቸውን እየቆራረጠ አንዱ የጀመረውን ሌላው እንዲቀጥለው፣ ሦስተኛው ደግሞ እንዲያፈርሰው አድርጎ በዘጋቢ ፊልሙ አሰናሰለው። ሽማግሎቹ በብዙ ነገር አይስማሙም። ማን መሪ እንደነበረ፣ ማን ማንን እንደተወ፣ ማን ይበልጥ እንደተጎዳ እያንዳንዱ የራሱን ይናገራል። ፌሽነር አንዱን ትክክል ሌላውን ሐሰተኛ አላለም፤ ሁሉም ይሰማ ዘንድ አስቀመጣቸው። የቃል ታሪክ የምታጠኑ ተማሪዎች ይህን ፊልም እንደ መማሪያ ልትይዙት ትችላላችሁ።

ከመደምደሜ በፊት ሁለት ማስጠንቀቂያዎች አሉኝ። አንደኛ፣ እነዚህን ሰዎች ጀግኖች ማድረግ አይገባንም። ሠርተው መኖር የፈለጉ፣ የሚጣሉ፣ የሚቀናኑ፣ በክፉ ቀንም የተለያየ ምርጫ ያደረጉ ሰዎች ነበሩ። በርሊን የቀሩት ሦስቱ በዚያ ሥርዓት ጥላ ሥር መሥራታቸውን ቀጠሉ፤ ይህ ሊድበሰበስ የማይገባው የታሪኩ ክፍል ነው። ሁለተኛ፣ ኅብረ ድምፅን የመቻቻል ምሳሌ አድርጎ መስበክ ቀላል ነው፤ እኔም ስብከት ልሰጥ አልመጣሁም። ሸክላው በ1930 የተሰማው ጀርመን በ1935 ዝም ያለው ያው ጀርመን ነው። ዘፈኑን መውደድ ዘፋኙን ለመጠበቅ አልበቃም። በ1934 አዳራሾቹን የሞላው ሕዝብ በጭብጨባ ሸኝቷቸው ወደ ቤቱ ገባ።

ታዲያ ሸክላው የሚመሰክረው ምንድን ነው? ወደዚያ የክፍል ዝምታ ልመለስ። ተማሪዎቼ የታገደውን ድምፅ መለየት ያልቻሉት ጆሯቸው ደካማ ስለሆነ አይደለም። ሕጉ አለ ያለው ልዩነት በድምፁ ውስጥ ስላልነበረ ነው። የሙዚቃ ምክር ቤቱ ሰዎችም ያንን ሸክላ ቢያዳምጡ ሊለዩት ባልቻሉ ነበር፤ ለዚህም ነው የትውልድ ወረቀት ያስፈለጋቸው። በዚያ ዘመን የተጻፉት ሰነዶች አብዛኞቹ በእነዚያ ሰዎች እጅ፣ በእነርሱ ቋንቋ የተጻፉ ናቸው፤ እኛም ሳናስበው «አርያን» እና «አርያን ያልሆነ» እያልን በእነርሱ መደብ እንድናስብ ያደርጉናል። እኔ ራሴ በዚህ ንግግር እነዚያን ቃላት ለመጠቀም ተገድጃለሁ። ሸክላው ግን ከዚያ ቋንቋ ነጻ የሆነ ምስክር ነው፤ የያዘው አምስት ድምፅና አንድ ፒያኖ ብቻ ነው።

ስለሆነም ተማሪዎቼ፣ በምታጠኑት በማንኛውም ዘመን ሰዎችን የለየውን ዐዋጅ ስታነቡ፣ ከዐዋጁ በፊት እነዚያው ሰዎች አብረው የሠሩትን ነገር ፈልጉ፤ ሸክላ፣ ማሳ፣ የንግድ መዝገብ፣ ወይም የዕድር ደብተር ሊሆን ይችላል። ዐዋጁ የጻፈውን ብቻ ካነበብን የዐዋጁ ጸሐፊ እንደፈለገው እናነባለን።

አሁን መብራቱን ቀነስ አድርገን «ቬሮኒካ»ን አንድ ጊዜ እንስማ። በዚህ ጊዜ ላይኛውን ድምፅ ትታችሁ መካከለኛውን ተከተሉ። ከዚያ በኋላ ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።